መርዶ በሰው አፍ

ሃሴት ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ደረጃውን ስትወርድ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ትዋሻለች። አንደኛው ፎቅ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ፣ "እንዴት አደሩ እትዬ?" ይላታል። "ደህና፣ እግዜር ይመስገን" ይባባላሉ። ወዲያው ከጆሮዋ ጀርባ የተለጠፈው፣ ነጋሪ የሚሉት ትንሽ መሣሪያ፣ የሴት ይሁን የወንድ በማይለይ ለስላሳ ድምፅ፣ "የተናገሩት ከሰውነትዎ ሁኔታ ጋር አይጣጣምም፤ ማስተካከል ይፈልጋሉ?" ይላታል። "አልፈልግም" ትላለች። ልብስ ሰፊውም በዚያው ቅጽበት ለራሱ ነጋሪ "አልፈልግም" ሲል ይሰማታል። ሁለቱም እንዳልሰማ ሆነው ይተላለፋሉ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ደግሞ ከዳቦ ሻጯ ጋር ያው ይደገማል።

ደሴ እንዲህ መኖር ከጀመረች ቆየች። "የምክንያት ዓመት" ተብሎ በታወጀው ዓመት አንድ ኮሚሽን ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ልማዶችን ሁሉ ምክንያታቸውን ጠየቀ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የጠየቁት በትሕትና ነው። ምክንያቱን መናገር የቻለ ልማድ ተመዝግቦ ቀጠለ፣ ያልቻለ በክብር ተሰናበተ። ሰው እየበላ ለመጣው ሁሉ "እንብላ" ማለቱ፣ ተጋባዡ እንደማይበላ ሁለቱም ስለሚያውቁ፣ የማይፈጸም ግብዣ ተብሎ ቀረ። ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ማለት ለጉልበት የማይጠቅም ሆኖ ተገኘ። መርዶ ግን ጥያቄ እንኳ ሳይጠየቅ ነው የሄደው። የማወቅ መብት አዋጅ ሲወጣ አብሮ ተሻረ። ሞት እንደ ማንኛውም ወሬ፣ ለሚመለከተው ሁሉ፣ ሳይዘገይ በነጋሪ ይደርሳል ተባለ። ያለ ቢሮ ፈቃድ መዘግየት የሚቻለው ሰውየው ተኝቶ ከሆነ ብቻ ነው፤ እንቅልፍም መብት ነውና።

ሃሴት የባሏን ሞት የሰማችው ሽንኩርት እየመረጠች ነው። ነጋሪው ከነገራት በኋላ "ይህ መልእክት በወቅቱ ደርሶዎታል?" ብሎ ጠየቃት። "አዎ" አለች። ሽንኩርቷን አስመዝና ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሎጂክ አስተምራለች። ቤቷ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው የድሮ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ከሂክማ ቤት ጋር የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፤ የአንዷ ቁልፍም አንዷ ጋ ይቀመጣል። ሂክማ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት። ታላቁ አንዋር አፋር በረሃ ውስጥ ባለ የፀሐይ ኃይል ማሳ ላይ ይሠራል፣ ታናሹ ሙባረክ ጅቡቲ ወደብ።

አንዋር የሞተው አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ሠራተኞች የጫነ መኪና ተገለበጠ። ወሬው ጋሼ ኢዮስያስ ጆሮ የደረሰው ምሳ እየበሉ ነበር፤ የእድር ዳኛ ናቸው፣ እድር ደግሞ መቃብር ስለሚያስቆፍር ከሚመለከታቸው ይቆጠራል። ምሳቸውን ትተው፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው የሃሴትን በር በክርናቸው መቱት።

"ሂክማ ተኝታለች?"

"ከዙህር ሶላት በኋላ ጋደም ትል የለ። ምነው ጋሼ?"

"እንዳትነቃ" አሉ፣ በሩን ተደግፈው። "አንዋር።"

ሃሴት የቤቷን ጫማ እንዳደረገች ወረደች።

የእድሩ ሽማግሌዎች ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ በተደራረቡት ወንበሮችና በተጠቀለለው ድንኳን መካከል ተሰበሰቡ።

"ስትነቃ ነጋሪው ይነግራታል" አሉ ጋሼ ኢዮስያስ። "ብቻዋን። ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች።"

"እንግዲያው አሁኑኑ እንንገራታ" አለች ሶልያና፣ የድንኳኑ ኃላፊ።

"በቀትር?" አሉ ጋሼ ኑረዲን። እሳቸው ከሁሉም ያረጁ ናቸው። "መርዶ በቀትር የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ጎህ ሲቀድ ነው እንጂ። እህቷም ከከሚሴ ትድረስ። አስከሬኑ የሚገባው ነገ ጠዋት ነው፤ ዛሬ ብንነግራት ምኑን አቅፋ ታድራለች?"

"ለምንድነው ግን ጎህ ሲቀድ የሆነው?" አለች ሶልያና።

ሁሉም እርስ በርሳቸው ተያዩ።

"አንቺ ደግሞ ኮሚሽኑ ሆንሽ እንዴ!" አሉ ጋሼ ኑረዲን። ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው አፈሩበት።

የቀረው ችግር ነጋሪያቸው ነበር። ሂክማ ፊት ቆሞ "ሰላም ነው" የሚል ሰው ሁሉ ከጆሮው ጀርባ ይታረማል፤ የሂክማ ጆሮ ደግሞ ገና አልደከመም። "እናውልቀዋ" አለች ሶልያና። አውልቀው የት እንደሚያደርጉት ትንሽ ተከራከሩና በመጨረሻ በእድሩ ትልቁ ድስት ውስጥ ጨምረው ክዳኑን ደፉበት። የድስቱ ከንፈር ላይ የገዙት ሰዎች ስም ዙሪያውን ተቀርጿል። አንዳቸውም በሕይወት የሉም። የእያንዳንዳቸው ቀብር ዕለት ንፍሮ የተቀቀለው ግን በእሱ ነው።

ሃሴት የራሷንም ጨመረችና ወደ ላይ ወጣች። የሂክማን በር በቁልፏ ከፈተች። ሂክማ አንድ እጇን ከአልጋው ውጪ አንጠልጥላ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ ተኝታለች። ነጋሪዋ መስኮቱ ላይ ነው፤ ቢጫ መብራቱ ቦግ እልም ይላል፣ ባለቤቱ እስኪነቃ የሚጠብቅ ወሬ አለ ማለት ነው። ሃሴት በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችውና ወጣች። ወደ ራሷ ቤትም ገባች።

ብዙ ሳይቆይ ግድግዳው ተንኳኳ።

"ሃሴት! ነጋሪዬን አይተሽልኛል?"

"እኔ ጋ ነው። ለጠጋኝ ልሰጠው ነው።"

ሂክማ የሃሴት በር ላይ መጣች። "ምን ሆኖ?"

"እኔ እንጃ፤ ሲያስል ሰማሁት።"

"ነጋሪ ያስላል?"

"በዚህ ዘመን የማያስል ምን አለ?"

ሂክማ ሳቀች። ሳቋን ከጨረሰች በኋላ ግን ዓይኗን ከሃሴት ፊት ቶሎ አላነሳችም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሃሴትን ሊያሳብዳት ደርሶ ነበር። እነዚህ ሽማግሌዎች በወጣትነታቸው ስንት ሐዘን ደብቀው፣ ስንት መርዶ ይዘው ከሰው ጋር ራት በልተው ያውቃሉ። አሁን ግን ለዓመታት እያንዳንዷ ቃላቸው ስትታረም ኖራ መደበቅ ጠፍቷቸዋል። ጋሼ ኢዮስያስ፣ ከመውሊድ ጀምሮ ሂክማን ያኮረፉ ሰውዬ፣ ፓፓያ ይዘው መጡ። "ሂክማ ምነው ዛሬስ አማረብሽ!" አሉ ከበሩ ሳይገቡ። ሶልያና ማንም ሳይጠይቃት የሂክማን ደጃፍ ጠረገች። ጋሼ ኑረዲን አንድ ቀልድ ጀመሩና መጨረሻው ጠፋቸው፤ ያልተጨረሰው ቀልድ ላይ ሁሉም ከት ብለው ሳቁ።

ሃሴት ጋሼ ኢዮስያስን ወደ ደረጃው ጎተተቻቸው። "ምን እያደረጉ ነው?"

"እንደ ወትሮው ለመሆን ነዋ።"

"እንደ ወትሮው ያኮርፉ እንጂ!"

"በዚህ ቀን? እንዴት አስችሎኝ?" አሉ፣ ዓይናቸው ውሃ ሞልቶ።

ምን ትበላቸው? ወደ ታች ሰደደቻቸው።

ፀሐይ ወደ ጦሳ ተራራ ስታዘቀዝቅ ሦስት አምቡላንሶች እየጮሁ ግቢው ገቡ። ማንም ያላሰበው ነገር ነበር። ነጋሪ የለበሰውን ሰው ትርታ ይከታተላል፤ ለእንቅልፍ ያወለቁት መስሎት ጥቂት ሰዓት ታገሠ፤ ከዚያ ከሰፈሩ አሥራ ሁለት አረጋውያን በአንድ ጊዜ ትርታቸው ጠፍቶ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረው መገኘታቸውን አስታወቀ። የሕክምና ባለሙያዎቹ ቃሬዛ ይዘው ዕቃ ቤቱን ሰብረው ገቡ። ድስቱን አገኙ። ክዳኑን ያነሳው ወጣት ለረጅም ጊዜ ውስጡን ሲመለከት ቆየና፣ "ደህና ናቸው" አለ።

አምቡላንሶቹ ሄዱ፤ በምትካቸው አንዲት ሴት መጣች። ከማወቅ መብት ቢሮ ናት፣ አስካለማርያም ትባላለች። ዛሬ ዛሬ ወጣቶቹ የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ነው የሚይዙት፤ የሚይዙትም ስሙን ብቻ ነው። ከተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ጋር አልተነታረከችም። ሃሴትን ለብቻዋ ድስቱ አጠገብ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት።

"እትዬ፣ የወይዘሮ ሂክማ ነጋሪ እርስዎ ጋ ነው።"

"አዎ።"

"ሴትየዋ አሁን ራት እየሠሩ ይሆናል። ልጃቸው ሞቷል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። እርስዎስ በራስዎ ላይ እንዲህ እንዲደረግ ይፈልጉ ነበር?"

ሃሴት የነጠላዋን ጥለት አስተካከለች። "እፈልግ ነበር" አለች።

ልጅቷ የሆነ ነገር ገብቷት ይሁን አይሁን፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እንግዲያው ምክንያቱን ይንገሩኝ። በክፋት አይደለም የምጠይቅዎት። አንድ ምክንያት ካለ እስከ ነገ የማቆየት ሥልጣን አለኝ።"

"ልቧ እንዳይደነግጥ።"

"አይቼዋለሁ። ልባቸው ከእኔ ይሻላል።"

"ብቻዋን እንዳትሰማው።"

"አጽናኝ በር ላይ ቆሞ ነው መልእክቱ የሚደርሳቸው። ይህን አሻሽለናል።"

"የማታውቀው ሰው!"

"ፊቱ ከሚያምኑት ሰው ፊት ጋር የሚቀራረብ ተመርጦ ነው።"

ሃሴት ቀጠለች። ጎህ ሲቀድ ሰው ገና ወደ ሥራው አልተበተነም አለች። ሐዘንተኛ ፊት ለፊቱ ሌሊት ሳይሆን ቀን ሊኖረው ይገባል አለች። ልጅቷ ሁሉንም በጥሞና ሰማች፣ ለሁሉም የተዘጋጀ መልስ ነበራት፣ መልሶቹም መጥፎ አልነበሩም። ሃሴት ክርክር ሲሸነፍ ታውቀዋለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረችው እሱን ነው። ያንገበገባት መሸነፏ አልነበረም። መከራከሯ ነው።

"ተይው" አለች። "እነዚህን ምክንያቶች እዚህ ቁጭ ብዬ አሁን የፈጠርኳቸው ናቸው። ልማዱ ከእነሱ በፊት ነበረ። ይኸውልሽ ልጄ፣ እዚህ ድስት ላይ ስማቸው ያለው ሰዎች ከእኔና ካንቺ የሞኙ አልነበሩም። ስንቱን ሰው አርድተዋል። በስልክ አርድተው ይሆናል፣ በቀትር አርድተው ይሆናል፣ መንገድ ላይ አስቁመው ተናግረው አንዷ እጃቸው ላይ ቀርታ ይሆናል። ያን ሁሉ አልነገሩንም። አልጻፉልንም። መጨረሻ የደረሱበትን ብቻ አስረከቡን። አንቺ ደግሞ እንዴት እንዳሰሉት ካላየሁ መልሱን አልቀበልም ትያለሽ።"

"መልሱ ትክክል መሆኑን ታዲያ በምን አውቃለሁ?"

"አታውቂም። እኔም አላውቅም።"

"ሳያውቁ ነው የሚያደርጉት?"

"ምን አለበት? አንቺ የምትተነፍሺው አውቀሽ ነው?"

አስካለማርያም ራሷን ነቀነቀች። ከልቧ ያዘነች ትመስላለች። "ይህን መመዝገብ አልችልም እትዬ" አለች፤ ነጋሪውንም ለመቀበል እጇን ዘረጋች።

ሃሴት ሰጠቻት። አዋጁን ስለፈራች አልነበረም፤ ደከማት። ተከትላት ግን ወጣች፤ ቢያንስ በዚያች ደቂቃ ሂክማ አጠገብ መቆም ፈለገች። ደረጃውን ሲወጡ ሃሴት በልቧ፣ እንዲህ ዓይነት ጨዋ ልጅ ማን እንደወለዳት፣ እንዲህ ዓይነት ጨዋነትን ደግሞ ለምን ሥራ እንዳዋሉት ታማርር ነበር።

ሂክማ በሩን ወዲያው ከፈተች። ሃሴት በትከሻዋ ላይ አሻግራ ወደ ውስጥ ስታይ ቆማ ቀረች። የሳሎኑ ዕቃ ሁሉ ወደ ጓዳ ተገፍቷል። ወለሉ ታጥቧል። ምንጣፎቹና ሰሌኖቹ በግድግዳው ዙሪያ ተዘርግተዋል፤ ብዙ ሰው የሚያስቀምጥ ዝግጅት ነበር። ከመግቢያው አጠገብ ጫማ የሚወለቅበት ቦታ እንኳ ተለይቷል።

አስካለማርያም ይህን አላስተዋለችም። "ወይዘሮ ሂክማ፣ ነጋሪዎን ይዤ መጥቻለሁ። ያልደረስዎ መልእክት አለ።"

"አውቃለሁ" አለች ሂክማ።

"ያውቃሉ?"

"ኢዮስያስ እኔ ቤት ፓፓያ ይዞ መጣ እኮ ልጄ። ከዚህ በላይ ምን ትነግሪኛለሽ?" ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አፏ እምቢ አላት። እጇን በቀሚሷ አደረቀች። "የሞተብኝ ሰው አለ። ይህን አውቄያለሁ። ግን አልተነገረኝም። ሰዎቼ ገና አልመጡም።"

ልጅቷ እጇ ላይ ቦግ እልም የሚለውን ነገር ዐየች። "እዚሁ አለ። አሁን ማወቅ ይችላሉ። መብትዎ ነው።"

"ሁለት ልጆች አሉኝ" አለች ሂክማ። ድምፅዋ ቀጠነ። "የቱ እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ ሌሊት ሁለቱም አሉኝ። አንዴ ለዚህ፣ አንዴ ለዚያ ዱዓ እያደረግሁ አድራለሁ። አንቺ ይህን አሁን ጆሮዬ ላይ ታደርጊውና አንዱን ትወስጂብኛለሽ።"

"ይህ… አለማወቁ አይከብድዎትም?"

"ይከብዳል እንጂ! ቀላል ነው ያለሽ ማነው?" አለች ሂክማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥታ። "እናቴም እንዲሁ አደረች። የእናቴም እናት። ሲነጋ ይመጣሉ፤ ይዘውኝ ይነግሩኛል። ያኔ እሰማለሁ። አሁን ሂጂ ልጄ፤ አላህ ያሳድግሽ።"

ወደ ሃሴትም ዞራ፣ "አንቺም ሂጂ" አለቻት። "ሲያስል ሰማሁት አልሽኝ እኮ! ውሸት የማትችዪ ሴት!"

በሩ ተዘጋ።

አስካለማርያም ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ነጋሪውን በመዳፏ ሸፈነችው። "ይህን ቢነግሩኝ ኖሮ ምክንያት ይሆን ነበር" አለች።

"እኔም አላውቀውም ነበር" አለች ሃሴት። ንዴቷ ገና አልበረደም። "ደግሞ እንዳትመዘግቢው! ከመዘገብሽው በሚመጣው ዓመት ሰው ሁሉ አንድ ሌሊት ያህል እንዳይነገረው የሚል አዋጅ ታወጣላችሁ፤ ቀጥሎም ሌሊቱን የሚያስፈጽም ባለሙያ ትልካላችሁ።"

ልጅቷ ሳቀች፤ አፏን በእጇ ያዘች። ነጋሪውን ለሃሴት መለሰችላት።

ጎህ ሊቀድ ሲል ደጁ ላይ ተሰበሰቡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። ከከሚሴ የመጣችው እህት ከፊት ነበረች፣ በሁለት ሰው ተደግፋ። የንጋቱ ብርድ እስከ አጥንት ይገባል። አስካለማርያምም መጥታ ነበር፤ ያለ ነጋሪ፣ ነጠላዋንም እንደ በዓል አድርጋ። ሃሴት ከትከሻዋ ላይ አንስታ እንደ ሌሎቹ ሴቶች አስተካከለችላት።

የሂክማ በር አልተቆለፈም ነበር። ገቡ። ሂክማ ሙሉ ልብሷን ለብሳ፣ ጋቢ ተከናንባ አልጋዋ ላይ ተጋድማለች፤ ዓይኗን ጨፍናለች። የዓይኗ ሽፋን ይርገበገባል። እንዳልተኛች ሁሉም ዐዩ። እንደተኛችም ሁሉም ተቀበሉ፤ የሚነቃ ሰው ያስፈልጋቸው ነበርና። ሃሴት በእግር ጣቷ ሄዳ ከራስጌዋ፣ ከኋላዋ ተቀመጠች። ማንም ቦታውን አላሳያትም፤ ሰው ሲወድቅ የሚቀበለው ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ጋሼ ኑረዲን በስሱ ሳል አሉ።

"ሂክማ። ተነሺ እስቲ የኔ ልጅ። እኛ ነን።"

ሂክማ ዓይኗን ገለጠች። ቀስ ብላ ቀና አለች። ፊቶቹን አንድ በአንድ ተመለከተች፤ የጎደለ እንዳለ የምትቆጥር ትመስል ነበር። እህቷን ዐየች፣ ሶልያናን፣ ጋሼ ኢዮስያስን፣ ትናንት ማታ በሯ ላይ የቆመችውን ወጣት ዐየች። ከዚያ በራሷ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና፣ "እሺ" አለች፣ "እሺ። እየሰማሁ ነው።"

"አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደ" አሉ ጋሼ ኑረዲን። እጇን ያዙ። "አንዋር ነው።"

ሂክማ ምንም ድምፅ ሳታወጣ ወደ ኋላ ወደቀች። ክብደቷ ሁሉ ሃሴት ደረት ላይ መጣ። ሃሴት ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አቆላልፋ ያዘቻት። ቤቱ ያኔ ጮኸ። አንዷ ስሙን ጠርታ አነሳች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። ሽማግሌዎቹ "አብሽሪ፣ አብሽሪ" ይላሉ፣ እነሱ ራሳቸው እያለቀሱ። አስካለማርያም እጆቿን የምታደርግበት ጠፍቷት ቆማ ነበር፤ ሶልያና ጎትታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት።

ሃሴት ጉንጯን ከሂክማ ፀጉር ላይ አድርጋ፣ አስጠግታ ይዛታለች። እሷም ማልቀስ ስትጀምር፣ ለማን ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።